ሦስተኛ አጀንዳ

አዲሱ ገበያ፣ ጉለሌ
ቅዳሜ፣ የካቲት 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድህ ልጄ ለኪብሮን
ሰመራ

የአፋር ሙቀት እንዴት ይዞሃል? በስልክ የምትነግራትን እናትህ ትነግረኛለች። ማራገቢያህ ከተበላሸ ሳምንት እንዳለፈው፣ የፓምፕ ጥገናው ላይ አዲስ አለቃ እንደመጣባችሁ ሰምቻለሁ። እኛ ደህና ነን። የሽሮ ሜዳ ገበያ ከጥምቀት በኋላ ቀዝቅዟል። ዛሬ ሱቁን አልከፈትኩም።

ስልክ ትቼ ደብዳቤ የምጽፍልህ በስልክ ስለማንነጋገር ነው። እኔ ስደውል "ደህና ነኝ፣ እማዬን አቅርባት" ትላለህ፤ አቀርባታለሁ። ሾፌሩ አዲሳለም ሰኞ ወደ ጅቡቲ ሲወርድ ይህን ይዞልህ ያልፋል። ከአንተ እጅ በቀር ለማንም እንዳይሰጥ ነግሬዋለሁ።

አሁን ከጠዋቱ አራት ሰዓት ነው። ስምንት ሰዓት ላይ የቤተ ክርስቲያኑ የሽማግሌዎች ጉባኤ ይቀመጣል። ጉዳዩ የርሆቦት ነው። ታስታውሳታለህ፤ አንተ ስትሄድ የኮምፒውተር ክፍሉን የተረከበችው የኳየር ልጅ። ከፋሲካ በኋላ ሠርጓ ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት ሰብሳቢያችን ጋሽ ዓለሜ ደብዳቤ ሊያስተይቡ ወደ ክፍሉ ገቡና ወጣቶቹ ስክሪን ላይ ተደፍተው "ሊገጭ ነው፣ ሊገጭ ነው" ሲሉ አገኟቸው።

"ምንድን ነው የሚገጨው?" አሏት።

"ባቡር ነው ጋሼ። ጌም ነው። ኪብሮን የጫነው።"

ስምህን ባትጠራ ኖሮ ነገሩ እዚያው ይቀር ነበር።

አጀንዳው ሁለት ነው። አንደኛ፣ ከስድስቱ ኮምፒውተሮች ላይ ጌም የተባለ ሁሉ ጠፍቶ ክፍሉ እንዲዘጋ። ሁለተኛ፣ ርሆቦት ለስድስት ወር ከአገልግሎትና ከኅብረት እንድትታገድ። የታገደ ሰው ጋብቻው በቤተ ክርስቲያን አይባረክም። አጀንዳውን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። አሁንም የጉባኤው ጸሐፊ ነኝ።

ምክንያት የሆነባት በአንተ ላይ የተጻፈው የእገዳ ውሳኔ ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት በቢሮው ማተሚያ ውስጥ የቤቲንግ ወረቀት ተገኘ፤ የቅዳሜ የኳስ ጨዋታዎች የተመረጡበት፣ ኮድ ያለው፣ ስም የሌለው። በዚያ ሰዓት ግቢው ውስጥ ኮምፒውተር ላይ የነበርከው አንተ ነህ፤ ጌሞቹን የጫንከውም አንተ ነህ። ጌም ካለ ቤቲንግ አለ ተባለ። በሰፈራችን ሁለቱም በአንድ ቤት ውስጥ ስለሚገኙ ማንም አልተከራከረም። ጋሽ ዓለሜ "ወረቀቱ ያንተ ነው?" ብለው ሲጠይቁህ እኔን አየኸኝ። እኔ ቃለ ጉባኤው ላይ አቀርቅሬ ነበር። "የምለው የለኝም" አልክ። እኔም በእጄ ጻፍኩ፦ "ዝምታው እንደ ማመን ተቆጥሯል።"

ወረቀቱ የእኔ ነበር። ታውቃለህ፤ ከማተሚያው ሲወጣ በሩ ላይ ቆመህ አይተኸኛል። አንዱን ቅጂ ይዤ ስወጣ ሁለተኛው ውስጥ እንደቀረ አላወቅሁም። አዲሱ ገበያ ካለው ቤቲንግ ቤት ወረፋ ብይዝ ግማሹ ምዕመን ያየኛል። የቢሮው ቁልፍ ደግሞ በእጄ ነው። ጨዋታዎቹን እዚያ እመርጥና ኮዱን ይዤ ማንም ወደማያውቀኝ ወደ ሸጎሌ ሄጄ እወራረድ ነበር። ይህን የምናውቀው ሁለታችን ብቻ ነን። እናትህ አታውቅም።

ስለ ጌሞቹም ልንገርህ። ያኔ እንዲጠፉ ተወስኖ ነበር፤ ማጥፋቱ ለእኔ ተሰጠ። ከማጥፋቴ በፊት ከፈትኳቸው። ለወጣቶቹ ብለህ የተውከውን ጽሑፍም አገኘሁ። "ማንም የማያወራላቸው ጌሞች" ይላል ርእሱ። "አሮጌ ኮምፒውተር ይበቃቸዋል። በነጻ ናቸው። ኢንተርኔት አይፈልጉም። ማስታወቂያ የላቸውም። ውስጣቸው የሚሸጥ ነገር የለም።" ስለ ባቡሩ "መልኩን አይታችሁ አትዝጉት፣ አሥር ደቂቃ ስጡት" ብለህ ጽፈሃል። እውነትም መልኩ ያስጠላል፤ ግራጫ ሜዳና መስመር ብቻ። ቀዩ ፉርጎ ወደ ቀይ ጣቢያ፣ ሰማያዊው ወደ ሰማያዊ። ሐዲዱን በጊዜ ካላዞርክ ይጋጫሉ። የደሴቱን አልወደድኩትም፤ ወፍ ትመጣለች፣ ወፍ ትሄዳለች፣ ሌላ ምንም የለም። ርሆቦት "እሱ እኮ ለማረፍ ነው ጋሽ አድነው" ትለኛለች።

የጉድጓዱ ግን ያዘኝ። ሰውየው ፋኖስ ይዞ ወደ መሬት ውስጥ ይወርዳል፤ ዘይቱ ሳያልቅ ውሃ ማግኘት አለበት። ካለቀ ይሞታል፣ አንተም ከላይ ትጀምራለህ። የመጀመሪያ ቀን ሲሞትብኝ ሌላ ነፍስ የሚሸጥበትን ቦታ ስክሪኑ ላይ ፈለግሁ። የለም። ተሸነፍክ፣ በቃ። ያጣሁትን ላስመልስ የሚያሰኝ ነገር የለውም፤ ተነስተህ ወደ ቤትህ መሄድ ትችላለህ። እንዲህ ያለ መሸነፍ አላውቅም ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ የእንግሊዝ ጨዋታ በሚጀምርበት ሰዓት እዚያ መቀመጥ ጀመርኩ። ርሆቦት የጉባኤ ሥራ የምሠራ ይመስላት ነበር። አንድ ቅዳሜ መብራት ጠፋ። ያን ቀን ሸጎሌ ሄድኩ። ከዚያ ወዲህ አልሄድኩም። ጌሞቹንም አላጠፋኋቸውም። ስለዚህ ዛሬ ርሆቦት የምትጠየቅበት ነገር ሁሉ የእኔ ሥራ ነው።

ስድስት ሰዓት ሊሆን ነው። ምን እንደማደርግ አላውቅም። ዝም ካልኩ ልጅቷ አንተ የሄድክበትን መንገድ ትሄዳለች። ከተናገርኩ እናትህ ሃያ ስምንት ዓመት በገባችበት የቤተ ክርስቲያን በር የምትገባበት ፊት አይኖራትም። እንዲህ እላለሁ እንጂ የምፈራው ለእናትህ እንዳልሆነ አንተ ታውቃለህ።

ደብዳቤውን እዚህ ላይ አቁሜ እሄዳለሁ። ዝም ብዬ ከተመለስኩ እቀደዋለሁ።

እሑድ፣ የካቲት 2፣ ከሰዓት በኋላ

አልቀደድኩትም። የሆነውን በተራው እነግርሃለሁ።

አምስት ነበርን፤ ጋሽ ዓለሜ፣ ወይዘሮ ዓለምፀሐይ፣ ሌሎች ሁለት ወንድሞችና እኔ። ቢሮ ልንገባ ስንል ወይዘሮ ዓለምፀሐይ "መጀመሪያ የተከሰሰውን ነገር እንየው እንጂ" አሉና ሁላችንም ወደ ኮምፒውተር ክፍሉ ገባን። ርሆቦት ባቡሩን ከፈተችላቸው።

"ስንት ያስከፍላል?" አሏት ወይዘሮ ዓለምፀሐይ።

"ምንም አያስከፍልም እትዬ።"

"ታዲያ የሠራው ሰው ምን ይበላል?"

"ሌላ ሥራ ይኖረው ይሆናል። ይሄን ወዶ ነው የሠራው።"

ጋሽ ዓለሜ ከኋላ ሆነው "ልጄ፣ በነጻ የሚሰጥ ነገር የለም" አሉ።

"ጸጋስ ጋሼ?"

ወይዘሮ ዓለምፀሐይ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ጋሽ ዓለሜ አልሳቁም። "ቤቲንግ ቤቱም መጀመሪያ በነጻ ነው የሚያስጀምርህ። የእህቴን ልጅ እንዲያ አድርገው ነው የበሉት። ዛሬ የት እንዳለ አናውቅም" አሉ። ክፉ ሰው አይደሉም ኪብሮን። የሚፈሩትን ነገር ያውቁታል፤ ያለበትን ቦታ ነው የሳቱት።

ወይዘሮ ዓለምፀሐይ ወንበር ስበው ተቀመጡ። "ቀዩን በየት በኩል ነው የማዞረው? እዚህ ጋ ልንካው? ... ውይ፣ ገጨሁ። በይ ድገሚልኝ።"

"እህት ዓለምፀሐይ፣ ጉባኤ ላይ ነን።"

"ቆይ፣ ይቺን ሰማያዊ ላስገባ።"

ሁለቱ ወንድሞች ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ነገሩ በሳቅ ያልፋል፣ ሳልናገር እወጣለሁ ብዬ ተስፋ አደረግሁ።

አላለፈም። ርሆቦት ውጭ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች፤ እኛ ቢሮ ገባን። ጋሽ ዓለሜ እንዲህ አሉ፦ "ጨዋታው ንጹሕ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን በዚህ ክፍል ያየነውን አይተናል፤ ወረቀቱ አለ፣ ውሳኔው አለ። ጌሙ ይጥፋ ተብሎ ነበር፣ አልጠፋም። የወንድም አድነውን ልጅ ቀጥተን የሌላ ሰው ልጅ ስትሆን ብናልፍ አድልዎ ነው።" እጅ ይውጣ ተባለ። ወይዘሮ ዓለምፀሐይ እንኳ ዘግየት ብለው እጃቸውን አወጡ። ጋሽ ዓለሜ ወደ እኔ ዞረው "አንተ ድምፅ ባትሰጥም እንረዳለን፣ ቁስልህ ነው" አሉኝ። ትከሻዬን ነካ አደረጉኝ።

እንደምታውቀው በእኛ ዘንድ ጸሐፊው መጨረሻ ላይ የጻፈውን ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነባል፣ ሁሉም ይፈርማሉ፣ ጉባኤው በጸሎት ይዘጋል። አንደኛውን አጀንዳ ጻፍኩ። ሁለተኛውን ጻፍኩ። እነሱ ሻይ እየቀዱ ስለ ጣሪያው ጥገና ያወሩ ነበር። አፌን ከፍቼ መናገር እንደማልችል ያኔ ገባኝ። መጻፍ ግን እችላለሁ። ሥራዬ ነው።

ተነስቼ አነበብኩ። አንደኛ። ሁለተኛ። ከዚያም፦

"ሦስተኛ አጀንዳ። በ2015 ዓ.ም. በማተሚያው ውስጥ የተገኘው የቤቲንግ ወረቀት የጉባኤው ጸሐፊ የአቶ አድነው እንጂ የልጁ የኪብሮን አልነበረም። ጸሐፊው ይህን እያወቀ በልጁ ላይ የተላለፈውን እገዳ ጽፏል፣ ፈርሟል። ጌሞቹም ያልጠፉት ጸሐፊው ሳያጠፋቸው ስለቀረ ነው፤ ርሆቦት አታውቅም።"

ጋሽ ዓለሜ ብርጭቆውን አስቀመጡ። "ይሄን አልተነጋገርንበትም" አሉ።

"እንነጋገርበት" አልኩ።

ከወንድሞች አንዱ ድገመው አለኝ። ደገምኩት። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ከበደኝ።

"ልጁ ያውቃል?" አሉ ወይዘሮ ዓለምፀሐይ።

"ያውቃል።"

"ያኔም?"

"ያኔም።"

ሌላ አልጠየቁኝም። ጋሽ ዓለሜ ግን "ስለ እህቴ ልጅ እዚህ ወንበር ላይ አብረኸኝ ጸልየሃል" አሉ። አዎ አልኩ። "እንባህንም አይቻለሁ።" አዎ አልኩ። እጃቸውን ዘረጉ፤ የሚፈልጉት እስክሪብቶውን ነበር። የቀረውን በራሳቸው እጅ ጻፉት፤ ቀስ ብለው ነው የሚጽፉት፣ ብዙ ቆየን። አንተ ላይ የተላለፈው ውሳኔ ተሽሯል። ርሆቦት ነጻ ናት። ክፍሉ አይዘጋም፤ ስክሪኖቹ ግን ወደ በሩ ይዙሩ ተብሏል። እኔ ከሽማግሌነትም ከጸሐፊነትም ወርጃለሁ፤ ለስድስት ወርም ታግጃለሁ። ከዚህ ጋር ታጥፎ ያለው ማኅተም ያለበት ወረቀት የአንተ ነው። ጽሑፉ የጋሽ ዓለሜ ነው፣ ሳታነበው አትጣለው።

ስወጣ ርሆቦት ከአግዳሚው ተነሳች። "ምን ተባለ ጋሽ አድነው?" አለችኝ። ግቢና ጠይቂያቸው ብያት አለፍኩ።

ለእናትህ ከሌላ ሰው ሳትሰማ ልንገራት ብዬ በቀጥታ ወደ ቤት ሄድኩ። ሰሃን እያጠበች ነበር። ስጨርስ እሷም አጥባ ጨረሰች። "ኪብሮን የሄደ ቀን ሻንጣውን እስከ መናኸሪያ ማን ነው የተሸከመለት?" አለችኝ።

"እኔ ነኝ።"

ጋቢዋን ደርባ ወደ እህቷ ቤት ሄደች። ጠዋት አልተመለሰችም። ይህ ሳይደርስህ ደውላልህ ይሆናል። ከጠየቀችህ ያየኸውን ንገራት፤ እኔን አትሸፍን።

ዛሬ የወሩ የመጀመሪያ እሑድ ስለሆነ የጌታ እራት ነበር። ልቅር ብዬ አስቤ ነበር፤ ሄድኩ። በሩ አጠገብ ካለው የመጨረሻ ወንበር ተቀመጥኩ። የኅብስቱና የጽዋው ትሪ ሲደርሰኝ፣ የታገደ አይወስድምና፣ ሳልነካ አጠገቤ ለተቀመጠው አሳለፍኩ። ሰውየው አየኝ፣ ከዚያ ጫማውን ማየት ጀመረ። አንተ ከመሄድህ በፊት ሦስት ወር እንዲሁ ስታሳልፍ ትሪውን ከምናዞረው አንዱ እኔ ነበርኩ። አንድ እሑድ የአንተ ረድፍ ለእኔ ደረሰኝ። በእጄ አቀረብኩልህ። ቀና ብለህ አላየኸኝም፤ ተቀበልከኝና ሳትነካ ለቀጣዩ ሰው ሰጠህ። እኔም ወደሚቀጥለው ረድፍ ሄድኩ።

ከእንግዲህ ሽማግሌ አይደለሁም፤ የምመርቅህ እንደ አባት ብቻ ነው። ጌታ በዚያ በረሃ ጥላ ይሁንህ። የእጅህን ሥራ ይባርክልህ። በምትሠራበት ሁሉ እውነት የሚናገርልህ ሰው አይጥፋ።

አዲሳለም ሐሙስ ሲመለስ በሰመራ ያልፋል። የምትልከው ነገር ካለ ይጠብቅሃል፤ ከሌለም አልፎ እንዲመጣ ነግሬዋለሁ።

አባትህ
አድነው