ያጠብኩት ጃኬት

ሰኞ፣ ጁላይ 8

ሙቀቱ ለጉድ ነው። ማድረቂያ ማሽኖቹ ሲጨመሩበትማ... ላውንድሪው ውስጥ ተቀቅዬ ዋልኩ። አንድ ጎረምሳ የጂንስ ጃኬት ይዞ መጣ። እንደ ልማዴ ለሥራ ባልደረባዬ ለፊዮር አሳለፍኩላት።

"አንቺ ሴትዮ፣ አንሶላ ታጥቢያለሽ፣ የሕፃን ጨርቅ ታጥቢያለሽ፣ የጂንስ ጃኬት ምን አደረገሽ?" አለችኝ። አሥራ አንድ ዓመት አብረን ሠርተን ዛሬም ትጠይቃለች።

"እጄን ያሳክከኛል" አልኳት። ውሸታም ነኝ።

ረቡዕ፣ ጁላይ 10

ልጄ ያሪሳ ሁለት ትኬት ይዛ መጣች። ያ ፊልም አርባ ዓመት ሞልቶት፣ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ እዚሁ ብሮንክስ ሊያሳዩት ነው።

"ማሚ፣ የሠፈራችን ጋንጎች ፊልም! የገዛ ወንድምሽ ያለበት! አብረን እናየዋለን ብዬ እኔም ሳላየው አረጀሁ።"

"አባቴ ከልክሎናል።"

"አያቴ ከሞተ ሃያ ዓመቱ እኮ ነው!"

አባዬ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ "የዚያ ፊልም ስም እዚህ ቤት እንዳይነሣ" ብሎ ነበር። ለእኔ ተመቸኝ። ፈሪ መሆኔን በአባቴ ትእዛዝ ሸፈንኩት።

ሐሙስ፣ ጁላይ 11

እንቅልፍ እምቢ አለ። ለማንም ያልነገርኩትን እዚህ ልጻፈው... ማን ያየዋል?

አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። ወንድሜ ኤፍራይን ሃያ። ጭልፊቶች የሚባለው የሠፈር ጋንግ አባል ከሆነ አምስት ዓመቱ። የእነሱ ጃኬት አይታጠብም። የገባህ ቀን ቢራ ያፈሱብሃል፣ በጭቃ ያንከባልሉሃል፣ ከዚያ ውኃ አይነካውም። እድፉ ማዕረግ ነው። ያጠበ ሰው እንደ ከዳ ይቆጠራል።

ይሄን አውቃለሁ። ግን ፊልም ሠሪዎቹ መጥተው "የራሳችሁን ልብስ ለብሳችሁ ኑ" ሲሏቸው፣ ወንድሜ ሲኒማ ላይ ቆሽሾ ሊታይ ነው ብዬ በኀፍረት ሞትኩ! ተኝቶ ሳለ ሰርቄ በበረኪና ዘፈዘፍኩት። ጀርባው ላይ የተሳለው ጭልፊት ደብዝዞ እርግብ መሰለ። ሦስተኛው ቁልፍ ጠፍቶ ስለነበር ከእማዬ ካፖርት ቀይ ቁልፍ ነቅዬ ተከልኩለት። ደስ ይለዋል ብዬ...

"አምስት ዓመቴን አጥበሽ ደፋሽው! ከዛሬ ጀምሮ እህቴ አይደለሽም!"

እርጥቡን ጃኬት ነጥቆኝ ወጣ። አርብ ነበር፣ ቀረጻው በማግስቱ። እሑድ ጠዋት ያደረበት ሕንጻ ተቃጠለ። ያኔ በየሳምንቱ አንድ ሕንጻ ይቃጠል ነበር... የእኛ ተራ ደረሰ። ጃኬቱም አብሮት ሄደ። ለብሶት ይሁን ጥሎት አላወቅኩም። እህቴ አይደለሽም እንዳለኝ ነው የሞተው።

አርብ፣ ጁላይ 12

እሄዳለሁ። አልሄድም። ያሪሳ ቀሚሴን ተኩሳ ሰቅላዋለች።

ቅዳሜ፣ ጁላይ 13

በሥርዓት ልጻፍ።

የሲኒማ ቤቱ ሰልፍ ማዕዘኑን ዞሮ ነበር። ሁሉም እንደ ፊልሙ ለብሷል፣ ጎልማሳው ሁሉ ልጅ ሆኗል። ከፊቴ አንዲት ፀጉሯን የተላጨች ልጅ ቆማለች። የነጣ የጂንስ ጃኬት... ሦስተኛው ቁልፍ ቀይ።

የያሪሳን ክንድ ያዝኩ።

"የኔ ልጅ፣ ይሄ ቁልፍ ለምን ቀይ ሆነ?"

ልጅቷ ከት ብላ ሳቀች። "እንዴ ማዘር! 'የታጠበው' የሚባለውን አታውቂውም? ለመጀመሪያ ጊዜ ነው እንዴ የምታዪው? ሰዎች፣ እዚህ አንዲት ያላየች አለች!" ሰልፈኛው አጨበጨበልኝ! ፖፕኮርን ያቀበለኝም አለ።

ዞር ብዬ ሳይ ባለቀይ ቁልፉ ብዙ ነው። አሥር? ሃያ?

ፊልሙ... እውነቱን ልናገር፣ ሩጫና ዱላ ነው። በቤዝቦል ዱላ ሲቀጣቀጡ ደም አይወጣቸውም። ሰዉ ግን እያንዳንዱን ቃል ከተዋንያኑ ቀድሞ ይላል። እኔ ቁልፍ ብቻ እፈልጋለሁ።

ወደ መጨረሻው አካባቢ ጭልፊቶች ሜዳው ላይ ተሰለፉ። ሁሉም ጥቀርሻ መስለዋል። መሃላቸው አንዱ እንደ አንሶላ ነጥቶ ያበራል። ኤፍራይን! ያ ቀጭን አንገት! ጓደኛው ኦቪዲዮ ከጎኑ ቆሞ እየሳቀ፣

"አንተ ሙሽራ፣ ማነው ያጠበህ?" አለው።

ኤፍራይን አገጩን ቀና አደረገ። ከዚያ እሱና አራት መቶ ሰው፣ አንድ ላይ፣

"እህቴ! ታዲያስ?"

እመቤቴ ማርያም... እህቴ አለኝ። አለቀስኩ፣ ሳቅኩ፣ ንፍጤ ሁሉ ወረደ። የተላጨችው ልጅ መሐረብ ስታቀብለኝ ያሪሳ "እህቱ እኮ ናት" አለቻት። ልጅቷ ፖፕኮርኗን ለቀቀችው።

እሑድ፣ ጁላይ 14

ከቅዳሴ ወጥቼ ኦቪዲዮ ዶሚኖ ከሚጫወትበት መናፈሻ ሄድኩ። አርባ ዓመት ስሸሸው የኖርኩት ሰውዬ።

"ንግሥቲቱ! ዛሬ ፀሐይ በየት ወጣች?"

"ፊልሙን አየሁት።"

"አሁን ነው የምታዪው? እኔ እኮ ፊልሙ ወንድሟን ዝነኛ ካደረገላት ወዲህ ኮርታ ነው የማታናግረኝ እል ነበር!" ጠጠሮቹን ተዋቸው። "ትወና መሰለሽ? ካሜራ መኖሩንም ረስቼ ነበር። አለቃችን 'ወይ አውልቀው ወይ ውጣ' ብሎት፣ 'አላወልቅም' ብሎ ነው የቆመው። እኔም ሰደብኩት፣ መለሰልኝ። ፊልም ሠሪው ወደደውና አስቀረው።"

"አላወልቅም አለ?"

"ቀኑን ሙሉ ለበሰው፣ እህትዬ።"

ዶሚኖ ጓደኞቹ "ጣል እንጂ!" ይሉታል። ተመስገን አምላኬ። አርባ ዓመት ዘግይቶም ቢሆን ተመስገን።

ሰኞ፣ ጁላይ 15

ሙቀቱ ያው ነው። የሰኞው ጎረምሳ ሌላ ጃኬት ይዞ መጣ፣ የባሰበት። ፊዮር እጇን ዘረጋች።

"ተይው፣ የኔ ነው" አልኳት።

"እጅሽስ?"

"ዳነ።"

በእጄ አጠብኩት፣ ውኃው ሦስቴ ጠቆረ። ሁለተኛው ቁልፍ የለም። ቀይ አለኝ፣ ግን መጀመሪያ ልጁን ልጠይቀው።