የእማ ቁምሳጥን በየት ይዙር?

ሰኞ፣ ጥቅምት 4
ከቢሮ ገባሁ። ቁልፍ ፍለጋ ቦርሳዬን ገለባበጥኩ። ቤቱ እንደተለመደው ጨለማ... እማ ጋ ደወልኩ። ጉልበቷ ብሶባታል። ብቻዋን ብትወድቅ ማን ያነሳታል? እኔ ጋ ነይ ስላት ግን በጄ አትልም። "ቁምሳጥኑ ካልገባ እኔም አልገባም።" አባባ በእጁ የሠራው ነው። በሙጫ የተጣበቀ፣ አይፈታ ነገር። ወንድሜ ደግሞ፣ "ያንቺ ኮሪደር እንኳን ቁምሳጥን እኔንም አያሳልፍ" ይለኛል። እሱስ እውነቱን ነው፣ ሆዱን አይቼዋለሁ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 6
ኮሪደሩን ለክቼ ኮምፒውተር ላይ አስገባሁት። ቀኑን ሙሉ ለሰው የምሠራው ይህንኑ አይደል? ለእናቴ ሲሆን ምን ይከብደኛል። ከላይ የሚታይ ፕላን፣ ዕቃውን የሚያዞረው የቁጥር ሠንጠረዥ ደግሞ ሦስት በሦስት ማትሪክስ። በሩ አጭር ስለሆነ ቁምሳጥኑ ተኝቶ ነው የሚገባው። መታጠፊያው ላይ ሲደርስ ግድግዳውን ይበሳል። በየትም ባዞረው እምቢ...
ለእማ ምን ልበላት?

ሐሙስ፣ ጥቅምት 7
እኔም ብሎ አዋቂ። በሁለት ዳይሜንሽን፣ ርዝመትና ስፋት ብቻ ባለበት፣ የተኛ ነገር እንደተኛ ይዞራል እንጂ አይነሳም፤ ከፍታ የሚባል የለውማ። ወደ ሦስት ቀየርኩት። ማትሪክሱ አራት በአራት ሆነ። አሁን ከበሩ ካለፈ በኋላ ሊቆም ይችላል፤ ጣሪያው እንደሆነ ሩቅ ነው። ማቆሚያውንና ማዞሪያውን ማትሪክስ አባዝቼ ሞከርኩት። አሁንም ግድግዳ ውስጥ ገባ።
እማ ደወለች። "አንቺ ልጅ፣ እራት በላሽ?" በልቻለሁ አልኳት። አልበላሁም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9
ጥርሴን ልቦርሽ ገብቼ የሳሙናውን ካርቶን አነሳሁ። አዙሬ ባቆመው ሌላ፣ አቁሜ ባዞረው ሌላ። ለካ ቅደም ተከተሉ ነው። ሲባዛ ከቀኝ ያለው ማትሪክስ ነው ቀድሞ የሚሠራው፤ እኔ እንደ ጽሑፍ ከግራ ጀምሬ ደርድሬያቸዋለሁ። ስለዚህ ሳይቆም ይዞር ነበር። አቀያየርኳቸው። ቆመ... ዞረ... አለፈ። ብቻዬን ሳቅሁ።
ቁምሳጥኑ ኮምፒውተሩ ላይ ሲያልፍ በቪዲዮ ቀርጬ ለእማ ላክሁላት። ወዲያው ደወለች።
"ይሄን ሁሉ የደከምሽው እኔ እንድመጣ ነው?"
"ታዲያ ለማን ነው እማ?"
"እኔማ... መቼም አይገባም ብዬ ነበር ያልኩት። እንዳልከብድሽ።"
ቁምሳጥኑ ሰበብ ነበር ማለት ነው። አለቀስኩ። እሷም።

እሑድ፣ ጥቅምት 17
ወንድሜ ከጓደኛው ጋር ቁምሳጥኑን ተሸክሞ መጣ። መታጠፊያው ላይ "መጀመሪያ አቁመው፣ ከዚያ አዙረው" እያልኩ ጮህኩ። ገባ። ግድግዳው ትንሽ ተጫረ፣ ይጫር።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 19
ከቢሮ መጣሁ። ቁልፍ ፍለጋ ቦርሳዬን ስገለባብጥ በሩ ከውስጥ ተከፈተ።
"ግቢ። ከእንግዲህ በልቻለሁ ብለሽ አትዋሺኝም።"