አብሹን መልሼልሻለሁ

ይድረስ ለታላቅ እህቴ ለኑርሃን፣ ጅዳ።

አሰላሙ ዐለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። እትዬ፣ እንደምን አለሽልኝ? ጤናሽስ? ያ ወገብሽ አሁንም ብርድ ሲነካው ይነሳብሻል? ባለቤትሽ ሙሀሲን ደህና ነው፣ ሥራውስ ሰላም ነው? ልጃችን ሒክማስ አማርኛዋን አልረሳችም? እኔም፣ ባሌ ሳልህም፣ ማጀቴ ከተማ ያለችው እናታችንም፣ ጀውሃ ያለው ወንድማችን ያሕያም ከነቤተሰቡ አልሀምዱሊላህ፣ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነን። ሮቢት በሚያዝያ እንዴት እንደምትሆን ታውቂዋለሽ፤ ቆርቆሮ ሥር መቀመጥ አይቻልም። ማንጎው ደርሷል፣ ሽንኩርቱ ዘንድሮ የሚያነሳው አጥቶ ማሳ ላይ እየበሰበሰ ነው። እንግዲህ ደህና ነን ያልሁት ለወጉ ነው። ሌሎቹ ደህና ናቸው። እኔ ግን ተናድጃለሁ፣ የተናደድሁትም በአንቺ ነው።

በስልክ ያልነገርሁሽ ለምን መሰለሽ? በኢሞ ድምፅ በላክሁልሽ ቁጥር ቤት ሙሉ ሰው ፊት ትከፍቺዋለሽ፤ እኔ ስልኬን ሳላስቀምጥ ወሬው ከጅዳ ተነስቶ ማጀቴ ይገባል። ስደውልልሽ ደግሞ አንቺ ትናገሪያለሽ እንጂ አትሰሚም። ወረቀት ግን ጣልቃ አይገቡበትም። ስለዚህ ብቻሽን ቁጭ ብለሽ እስከ መጨረሻው አንብቢው።

ባለፈው ሳምንት የሰፈራችን ልጅ ሱፍዋን ለእረፍት መጥቶ ዕቃሽን አደረሰ። የእማን ሻሽና የሳልህን ሽቶ አይተን መረቅንሽ። ለእኔ ብለሽ የላክሽውን ከረጢት ስፈታው ግን ምን ልይ? አብሽ! ያውም ተፈጭቶ የደቀቀ አብሽ! ሱፍዋን የዋህ ነው፣ የላክሽውን ቃል አንድም ሳያስቀር አደረሰው። "የመዲና ስለሆነ ይሄኛው አይነካትም፣ ቢስሚላህ ብላ ትጠጣው ብላለች" አለኝ። ከረጢቱን መልሼ አሰርሁና እጄን በሳሙና ታጠብሁ። ደሜ ፈላ፣ ወላሂ። በዚሁ በአብሽ የተነሳ ጤና ጣቢያ አልጋ ላይ ተዘርግቼ ከዋልሁ ገና ወር እንኳ አልሞላኝም እኮ! እንዴት አስቻለሽ?

ነገሩን ከሥሩ ልንገርሽ፣ በየስልኩ እየቆራረጥሽ ነው የሰማሽው። አምና ስኳር አለብሽ ሲሉኝ አንቺም አብረሽኝ አልቅሰሻል። እዚሁ ሮቢት የሚያክመኝ ዶክተር ፍፁም ኪኒን ሰጠኝና እህል ቀንሺ አለኝ። እንጀራው፣ ዳቦው፣ ሩዙ፣ ፓስታው፣ በስኳር የተጥለቀለቀው ሻያችን ሁሉ ቀረ። በምትኩ ሥጋ፣ እንቁላል፣ ጎመን፣ አቮካዶ፣ ኦቾሎኒ ብዪ ተባልሁ። ማሽላስ ብዬ ተከራከርሁት፣ የቆላ ሰው ነኝ፣ ያደግሁት በማሽላ ነው። እሱም እህል ነው አለኝ። አኮረፍሁት፣ ያለኝን ግን አደረግሁ።

ስኳሩ ወረደልኝ። ኪኒኑንም ቀነሰልኝ። በሙሽርነቴ የለበስሁት ቀሚስ ገባኝ፣ ሳልህ እንኳ ሲያየኝ ሳቀ። ሰውስ ምን አለ? "ከሳች፣ የደበቀችን ነገር አለ" አለ። የከሳሁት እንጀራ ስለተውሁ ነው ስላቸው "እንጀራ ሳይበላ ይኖራል እንዴ?" ይሉኛል፤ ፊታቸው ቆሜ እየኖርሁ! ሰደቃ ቤት ሥጋውን ብቻ ለይቼ ስበላ "መራጭ" ይሉኛል፣ ለቅሶ ቤት ንፍሮ አልፈልግም ስል "ናቀችን" ይሉኛል። ሁሉንም ችዬ ነበር፣ እትዬ። የውጭ ሰው ወሬ ነው ብዬ አሳለፍሁት።

ከዚያ ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ። ገላዬ ሳማ እንደነካው ሽፍ ይል ጀመር። ሆዴ ይነፋል፣ ከንፈሬ ያብጣል፣ ስነሳ ዐይኔ አይገለጥም። ዶክተሩ ከአዲሱ አመጋገብሽ ውስጥ የማይስማማሽ ነገር አለ አለኝና ሁሉንም አስተወኝ፤ ሥጋና ጎመን በዘይትና በጨው ብቻ። ሲሻልሽ አንድ በአንድ እንመልሳለን አለኝ። መቼ ተሻለኝና! እንቁላሉን ተውሁ፣ ወተቱን ተውሁ፣ ኦቾሎኒውን ተውሁ፣ ማሳከኩ ግን እንዳለ አለ። ጎመን እንኳ ጠላኝ እንዴ ብዬ አለቀስሁ።

ለካስ በየጠዋቱ በባዶ ሆዴ የአብሽ ውሃ እየጠጣሁ ነው! ጎረቤቴን እትዬ ነዒማን ታውቂያት የለ? ለስኳር ፍቱን ነው ብላ እየፈጨች የምታመጣልኝ እሷ ናት። ሲያሳክከኝ "ደሙን እያጠራልሽ ነው" ትለኛለች፣ ሲብስብኝ ትጨምርልኛለች። ለዶክተሩ የበላሁትን ሁሉ ስነግረው አብሹ ትዝም አላለኝ። እኛ ቤት አብሽ ምግብ ነው እንዴ? መድኃኒት ነው። መድኃኒትን ማን ከምግብ ይቆጥራል? ቅቤውስ ውስጥ መኖሩን ማን ያስበዋል? እማ ያለ አብሽ ቅቤ አንጥራ ታውቃለች?

ነዒማ የወለደች ልጇን ልታርስ ከሚሴ ወረደችና አብሹ አለቀብኝ። ሳምንት ሳይሞላ ገላዬ ጸጥ አለ። ሌሊት ሳላክክ እንቅልፍ ወሰደኝ፣ ያ አላህ፣ እንቅልፍ እንዴት ይጥማል! እንቁላሉን መለስሁ፣ ሰላም። ወተቱ ሆዴን ይነፋኛል፣ እርጎው ግን ይስማማኛል። ተደስቼ ሳልጨርስ ነዒማ ተመለሰችና ጠፋሁብሽ ብላ አብሽ አጠጣችኝ። ገና ብርጭቆውን ሳልመልስላት ከንፈሬ አበጠ። እየሮጥሁ ዶክተሩ ዘንድ ሄጄ አሁን ምን ጠጣሽ ሲለኝ ነው ነገሩ የወጣው። አብሽና ኦቾሎኒ ዘመዳሞች ናቸው፣ ሁለቱንም በምላስሽ እንኳ እንዳትቀምሺ፣ ቤትሽ ልሞክር እንዳትዪ፣ አንድ ቀን ጉሮሮሽን ይዘጋዋል አለኝ። ዘመዳሞች መሆናቸውንስ በምን አወቅሁ? እንደኛ ቤተሰብ ተባብረው ሲነሱብኝ ነዋ!

ይህንን ለሁላችሁም ነገርሁ። ለአንቺም ነገርሁሽ። ስኳር ይዞኛል ስል ያለቀሰው ዘመድ አብሽ አይስማማኝም ስል ሳቀ። ከዚያ ሳቁ ቆመና ሹክሹክታው መጣ። አብሽ የሚሸሽ ጂን ነው ተባለ። ጂን ያለበት ሰው ነው መድኃኒቱን የሚጠላው ተባለ። ሱብሃነላህ! ስጠጣው ሲያሳብጠኝ "ጂኑ እየተቃጠለ ነው"፣ ስተወው "ጂኑ አስተዋት"። እኔ በየት በኩል ልውጣ? ቁርአን ቢቀራብኝ አልጠላም፣ የአላህ ቃል ነው፣ ይቀራብኝ። አብሹ ግን የአላህ ቃል አይደለም፣ እትዬ። አብሹ አብሽ ነው።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። ያሕያ ጀውሃ ለአራስ ልጁ አቂቃ ሲያርድ ከሳልህ ጋር ሄድሁ። እንደ ልማዴ ሳህኔን ይዤ ነው የሄድሁት፣ ጎመኔንና እርጎዬን። ሚስቱ ራህመት ግን በር ላይ ተቀበለችኝና "የወንድምሽ ልጅ አቂቃ ላይ የራስሽን ምግብ ትበያለሽ? እኔ እኮ ለብቻሽ በዘይት ጠብሼልሻለሁ" አለችኝ። ደስታዬን ልነግርሽ አልችልም። ስንት ጊዜ ሆነኝ መሰለሽ ሰው አስቦ ለእኔ ብሎ ከሠራልኝ! ሳህኔን ከደንሁና ጥግ አስቀመጥሁት። አራሷ ሥጋውን በእጇ ስታጎርሰኝ አፌን ከፈትሁ። አብሽ አብሽ የሸተተኝ መስሎኝ ነበር፣ ቤቱ ሁሉ ቅቤ ቅቤ ይላልና ከሌላው ድስት ነው አልሁ። ደግሞስ አራስ እያጎረሰችኝ እጇን ይዤ ላሽት?

ጉርሻው ከጉሮሮዬ ሳይወርድ ምላሴ ወፈረ። ገላዬ ተቃጠለ፣ ከዚያ ትንፋሼ ማፏጨት ጀመረ። አየር እየሳብሁ አይገባም፣ እትዬ። ሰው ዙሪያዬን ከቦ ቁርአን ይቀራል፣ አንዷ "ተናገር፣ ማን ነህ?" ትለኛለች፣ እኔ መናገር ብችል እኮ ባጃጅ ጥሩልኝ ነበር የምለው! ሳልህ ነው ሰዉን ገፍቶ አቅፎ ያወጣኝ። ጤና ጣቢያው ቅርብ ባይሆን ኖሮ ይህንን ደብዳቤ የሚጽፍልሽ ሳልህ ነበር፣ ዜናውም ሌላ ነበር። መርፌውን ሲወጉኝ ደረቴ ተከፈተ። ነርሷ "ምን በላሽ?" ስትል ራህመት አራስነቷን ረስታ በሩ ላይ ቆማ ታለቅሳለች። "በቅቤው ነው የጠበስሁት፣ እትዬ ኑርሃን ናት ሳትነግሯት አብሉልኝ፣ ካላወቀች ምንም አትሆንም፣ ጂን መሆኑን ያኔ እንለያለን ያለችኝ" አለች።

አንቺ! እኔን ገና ጡት ከተውሁበት ጊዜ ጀምሮ በጀርባሽ አዝለሽ ያሳደግሽኝ አንቺ! ትኩሳት ሲይዘኝ ከአጠገቤ የማትነሺው አንቺ! እኔን ማመን አቃተሽና በጉርሻ ፈተንሽኝ? ጠላት ቢያደርገው ጠላት ነው ብዬ ፎክሬ እተወው ነበር። ለእኔው ብለሽ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ይህንንም አላጣሁትም። ግን ለእኔ ብለሽ ልትገድዪኝ ነበር፣ ለሬሳዬ ደግሞ ደግነትሽ ምን ያደርግለታል? በዚያ ላይ ጂኑ ተቆጣ ብለው ሲነግሩሽ አብሽ ጨምረሽ ላክሽ! የመዲና አብሽ የሮቢትን አብሽ አያውቀውም እንዴ?

ከዚያ ቀን ወዲህ የሰው ቤት አልበላም። የጎረቤት አልበላም፣ የያሕያን ቤት አልበላም፣ ራህመት ስትመጣ ቤቴ አበላታለሁ እንጂ የእሷን አልቀምስም። ታሳዝነኛለች፣ ግን እጇን ስትዘረጋልኝ ፊቴን አዞራለሁ። ስኳሩ እህል ነው ያስተወኝ፣ እሱን ለምጄዋለሁ። እናንተ ግን የዘመድ እጅ አስተዋችሁኝ። በምን እለምደዋለሁ?

እማ ደግሞ ቅቤዬን ናቀች ብላ አኩርፋኝ ከርማ ነበር፣ ታውቂያለሽ፣ ስልኬንም አታነሳም ነበር። የጀውሃውን ስትሰማ ግን በያሕያ እጅ ጣሳ ላከችልኝ። ቅቤ ነው። ኮረሪማ የለው፣ አብሽ የለው፣ ምንም የለው። "ከእሳት በቀር የገባበት ነገር የለም። አሮጌው ድስት አብሽ የለመደ ስለሆነ አዲስ ገዝቼ ነው ያነጠርሁት። ቀምሼዋለሁ፣ ጣዕም የለውም፣ ግን ትብላው በላት" ብላለች። ጣዕም የለውም! እትዬ፣ ያንን ጣሳ አቅፌ እንዴት እንዳለቀስሁ ሳልህን ጠይቂው። አላሸተትሁትም። ማንንም አልጠየቅሁም። በጣቴ ጠርጌ በላሁት።

አሁን ለዐረፋ ትመጫለሽ ተብሎ ማጀቴ ደስታ ነው፤ በጉን አንቺ ታሳርጃለሽ፣ ወጡን አንቺ ትሠሪያለሽ እየተባለ ነው። እኔም እመጣለሁ፣ ኢንሻአላህ። ሳህኔንም ይዤ እመጣለሁ፣ እንዳትቆጪ። የላክሽውን አብሽ ከነከረጢቱ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ለሱፍዋን ሰጥቼዋለሁ፣ ለሚስማማው ሰው ስጪው፣ ጥሩ አብሽ ነው፣ አብሹ ምን አደረገ?

እስቲ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ሙሀሲንን በጣም ናፍቀኸናል በዪው። ሒክማን ጉንጭና ጉንጯን ሳሚልኝ፣ አክስትሽ ጂን የላትም፣ ቁጣ ብቻ ነው ያላት በያት። እማ ዱዓዋን ትልክልሻለች። ያሕያ ሰላም ብሎሻል፣ ራህመትም ከእፍረቷ ጋር ሰላም ብላሻለች፣ አራሱ ልጅ ወፍሯል። ሳልህ ስለ ሽቶው አመስግኚልኝ ብሏል። ነዒማ እንኳ ይቅርታ ብላኛለች፣ አሁን ጥቁር አዝሙድ ጀምሪ እያለች ነው።

ለአንቺም ሰላምታዬ ይድረስሽ፣ ተናድጄም ቢሆን። በዐረፋ ከእማ ቤት ስንቀመጥ ከአጠገቤ ሁኚ። እንደ ድሮው በእጅሽ አጉርሺኝ፣ አፌን እከፍትልሻለሁ። ምን አለበት ብዬ አልጠይቅሽም። ሳልጠይቅሽ ንገሪኝ።

ታናሽ እህትሽ መሊካ
ሸዋ ሮቢት፣ ሚያዝያ 27 ቀን 2017 ዓ.ም.