የሽጉጡ ርግጫ

ውድ እናቴ፣

ይህ ወረቀት እጅሽ ሲገባ በጤና ያግኝሽ። እንዴት ነሽ? ጉልበትሽስ? ዝናብ ሊመጣ ሲል የሚጠዘጥዝሽ የእጅሽ አንጓስ ጋብ አለልሽ? እኔ ከእጄ በቀር ደህና ነኝ። አክስቴ ይህን ስታነብልሽ በሩን ዝጉት፤ አባዬ ከጠየቀ ስለ ጤና ነው የጻፈችው በሉት። ውሸትም አይደለም። ፊደሉ ከተወላገደባትም ትታገሰኝ፣ በግራ እጄ ነው የምጽፈው።

አክስቴ ወረቀቱን ልትቀበለኝ ስትመጣ አይታኛለች፤ አፏ ስለማያድርም፣ ገና ሳትቀመጥ የልጅሽ እጅ በፋሻ ተጠቅልሏል ብላ ነግራሻለች። እንግዲህ ከእኔ ስሚው፤ የመታኝ ሽጉጥ ነው። አትደንግጪ፣ የዒላማ ተኩስ ነው። የጥበቃ ሥልጠና ስወስድ ነበር። ፈተናውን ያለፈች ሴት አንድ ትልቅ መጋዘን ትቀጠራለች፣ ግቢው ውስጥም ክፍል ይሰጣታል። ለባለቤቴ ስፌት እየተማርኩ ነው ብዬው ነበር። ያችን ክፍል ካጣሁ ሌላ የምገባበት አልነበረኝም። አንቺ ጋ እንዳልመጣ፣ አባዬ ባለፈው በር ላይ ቆሞ ወደ ባልሽ ተመለሺ ሲለኝ ሰምተሻል።

ሽጉጥ ሲተኮስ እንደ በቅሎ ይራገጣል። አያያዙን ያላወቀች ሰው በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ መካከል ያለው ሥጋ ይላጥባታል፣ ይጠቁርባታል። አሠልጣኛችን ጡረታ የወጡ ወታደር ሴትዮ ናቸው። ዘወር ሲሉ ማሚ ባሩድ እንላቸዋለን፤ ሰምተው እንዳልሰሙ የሚሆኑ ይመስለኛል። ጓንቴን ወስደው መዳፉ ላይ ከውስጥ ስስ ስፖንጅ ሰፉልኝ። መርፌና ክር በዓይኔ አይቻለሁና ባለቤቴን ሙሉ በሙሉ አልዋሸሁትም። እጀታውን ከፍ አድርገሽ ጨብጪ፣ ክፍተቱን በሌላው እጅሽ ድፈኚው፣ ክርንሽን ትንሽ እጠፊው ይሉኛል። ርግጫውን እጅ ብቻውን አይቀበል፣ ክንድም ትከሻም ይካፈለው፤ ብቻውን የሚችል እጅ መጨረሻው መሰበር ነው ይላሉ።

እኔ ግን ጥይቴን ሁሉ መሬት እያበላሁ አስቸገርኳቸው። አንድ ቀን ሳይነግሩኝ ባዶ ሽጉጥ ሰጡኝና ተኩሺ አሉኝ። ቃታውን ስስበው ምንም አልተኮሰም፤ እጄ ግን ወደ ታች ሰገደ፣ ዓይኔም ተጨፈነ። የሚመታሽ ሳይመጣ ነው እኮ የምትደነግጪው አሉኝ። ከዚያ የጆሮ መከለያዬን ሊያስተካክሉልኝ እጃቸውን ሲያነሡ እንደገና ጨፈንኩ። እጃቸውን ቀስ ብለው መለሱት። ከዚያ ወዲህ ወደ እኔ ሲመጡ ከሩቅ እያወሩ ነው የሚመጡት።

ከፈተናው በፊት በነበረው ምሽት ሽጉጡ ክፉኛ መታኝ። ታውቂው የለ፣ ሽጉጥ ከሥራ ሲገባ ይብስበታል። ስፌት እንደማልማርም ሰው ነግሮት ነበር።

በማግስቱ አንጓዬ አብጦ ጓንቱ አልገባ አለኝ። ለማሚ ባሩድ የትናንቱ ልምምድ ነው አልኳቸው። እጄን ገልብጠው አዩት። ልጄ፣ ሽጉጥ የሚነክሰው እዚህ ጋ ነው ብለው የአውራ ጣቴን ሥር ነኩኝ፤ አንጓ ላይ የአራት ጣት ምልክት ትቶ አይሄድም አሉኝ። አፍሬ አለቀስኩ። ፈተናው ይዛወርልኝ ብላቸው፣ ዛሬ ካልተፈተንሽ ክፍሏ ለሌላ ትሰጣለች አሉኝ። አንጓዬን በፋሻ አጥብቀው አሰሩልኝና ሽጉጡን በግራዬ አስያዙኝ። የታመመው እጅ ይደግፍ፣ እስከ ዛሬ የቻለው ይበቃዋል አሉ።

በግራዬ፣ ዓይኔን ገልጬ ተኮስኩ። ዒላማውን ወንፊት አደረግሁት ብልሽ ጉራ ይሆንብኛል፤ ግን አለፍኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደዚያ ቤት አልተመለስኩም። ሽጉጡን ሥራ ስጨርስ ስለማስረክብ፣ ሰው ላይ ታነሣዋለች ብለሽ አትስጊ።

አንድ ነገር ግን ሳልነግርሽ አላልፍም። ያን ዓይን መጨፈን ከየት ለመድኩት ብዬ ሳስብ ትዝ ያለኝ ባለቤቴ ብቻ አይደለም። አባዬ ኮቱን ሊሰቅል እጁን ሲያነሣ አንቺም ትጨፍኚ ነበር። እኔ ቀሚስሽን ይዤ አብሬሽ እጨፍን ነበር። ትዳር ነው ቻይው፣ የሆድን በሆድ ያዢው ስትዪኝ በመኖርሽ አልተቀየምኩሽም፤ አንቺም የተባልሽውን ነው ያልሽኝ። አንጓሽን ምን ነካው ስልሽ ደረጃ ላይ ወድቄ ነው ያልሽኝን ግን እስከ ትልቅነቴ አምኜሽ ኖሬአለሁ። እማዬ፣ እኛ ቤት እኮ ደረጃ የለም።

ክፍሌ ጠባብ ናት፤ ቀለሟ ተላልጧል፣ መስኮቷም ከመጋዘኑ ግድግዳ ጋር ተፋጣለች። በሯ ግን ከውስጥ ይቆለፋል። ሁለት አልጋ አላት። ማሚ ባሩድ አንዱን እናውጣልሽ ወይ ቢሉኝ ይቆይ አልኳቸው። አክስቴ መንገዱን ታውቀዋለች። ብዙ ዕቃ አትያዢ።

ፈጣሪ አንጓሽን ይማርልሽ። የቀረውን ዕድሜሽንም ዓይንሽን ገልጠሽ የምትኖሪው ያድርግልሽ።

አልጋውን አንጥፋ የምትጠብቅሽ
የበኩር ልጅሽ