ኢቶ ያገኘችው የሰማይ ድንጋይ

ነዝሃ እህቴ፣

ከደስታ ብዛት ጽሕፈቴ ቢጣመም ይቅር በይኝ። እዚህ ኤርፉድ፣ ኢቶ የምትባል ሴት የጠፋ ግመሏን ስትፈልግ በረሃ ላይ አንድ ጥቁር ከባድ ድንጋይ አግኝታ ነበር። ባሏ ላህሰን «የመኪና ስብርባሪ ተሸክማ መጣች» እያለ ሰፈሩን ሁሉ ሲያስቅባት ከረመ። ዛሬ በመጋዝ ቆረጥንላት። የሚያብረቀርቅ ብረትና ኒኬል፣ በመሃሉም ማር የመሰለ ኦሊቪን የሚባል የማዕድን ክሪስታል፤ ግማሹ ብረት፣ ግማሹ ድንጋይ፤ ፓላሳይት የምንለው ከሰማይ የወደቀ ድንጋይ ራሱ ነው! ካዛብላንካ ሙዚየማችን ውስጥ በመስታወት ሣጥን የቆለፍነው ቁራጭ አጠገቡ ቢቀመጥ ያፍራል። ላህሰን ስሱን ቁራጭ ወደ ፀሐይ አንስቶ ሚስቱን በክሪስታሉ አሻግሮ አያትና «ኢቶ፣ ወርቅ ሆነሻል» አላት።

«ድሮስ ምን ነበርኩ?» አለችው።

ፖስት ካርዱ ሞላብኝ፤ እናትሽን ሳሚልኝ፣ ልጆቹንም።

ጊዝላን