አመድ ስለማይሆነው የማዘጋጃ ቤታችን እሳት

ለተከበሩ የተል ሻምራ ከተማ ከንቲባ
የአደባባያችን ድምቀት፣ የባነሮቻችን ግርማ ለሆኑት
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለመላው ቤተሰብዎ፣ እንዲሁም በገና ዋዜማ ከሁላችንም ቀድሞ ሥራውን ላቆመው የማዘጋጃ ቤቱ ጄኔሬተር የተሟላ ጤንነት እመኛለሁ። እኔ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ባለው መንገድ የምኖር፣ ለሠላሳ አንድ ዓመት የዚህን ከተማ ልጆች ማንበብ ያስተማርኩ ሽሙኒ ገርጊስ የተባልኩ ጡረተኛ ነኝ። ከተማሪዎቼ አብዛኞቹ ዛሬ ሲድኒና ስቶክሆልም ሆነው ስለሚያነቡ፣ ይህ ግልጽ ደብዳቤ ከተል ሻምራ ይልቅ እዚያ ብዙ አንባቢ እንደሚያገኝ አልጠራጠርም።

የምጽፍልዎ ለማመስገን ነው። ቢሮዎ ነገር ሁሉ በተራ ቁጥር እንዲቀርብለት ስለሚወድ፣ ምስጋናዬንም እንዲሁ አቀርባለሁ።

1. በማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ውስጥ «የዓለም ሕዝቦች የዓመቱን ማብቂያ እንዴት ያከብራሉ» በሚል ርዕስ ስላዘጋጁልን ትርኢት እጅግ አድርጌ አመሰግናለሁ። ስፔኖች አዲሱ ዓመት ሲገባ በየደወሉ አንዳንድ የወይን ፍሬ እየጎረሱ አሥራ ሁለት እንደሚሞሉ ከፕላስቲኩ ወይን ተረድተናል። ዴንማርኮች በወዳጅ ደጃፍ ሳህን እንደሚሰብሩ አንብበን፣ ሳህኖቹ እንዳይሰበሩ በሙጫ መጣበቃቸውንም ታዝበናል። የጃፓኖችን መቶ ስምንት የደወል ድምፅ ደግሞ መብራት እስከሄደበት እስከ አርባ ሦስተኛው ድረስ በጥሞና ቆጥረናል። የአዳራሽዎ ዘበኛ አቡ ሐና ጆሮዬ ሥር ሆኖ፣ «መምህርት፣ ይኼ ሁሉ እኮ የኛ ሰው የሄደበት አገር ነው፤ ከወይኑ አጠገብ የአውሮፕላን ቲኬት ቢሸጡልን አይሻልም ነበር?» ብሎኛል። ሰውዬው ቀልደኛ ስለሆነ ከደመወዙ እንዳይቆርጡበት እለምናለሁ።

2. በግቢ ውስጥ እሳት ማንደድን ስለከለከለው ማስታወቂያዎም ባለውለታዎ ነኝ። እርስዎ የዚሁ ከተማ ልጅ በመሆንዎ ልማዳችንን ላስረዳዎ መሞከር ድፍረት ነው፤ ሆኖም ማስታወቂያውን ሳነብ ሳይረሱት አልቀሩም የሚል ስጋት ስላደረብኝ ላስታውስዎ። በገና ዋዜማ ፀሐይ ስትጠልቅ ቤተሰቡ ሻማ ይዞ በግቢው ይቆማል፤ ከመካከላቸው ታናሽ የሆነው ልጅ የልደቱን ታሪክ ያነባል፤ ከዚያ የደረቀ እሾህ ይነዳል። እሾሁ ነድዶ አልቆ አመድ ከሆነ መጪው ዓመት መልካም ነው ማለት ነው፤ አመዱም ሲበርድ ሁሉም ሦስት ሦስት ጊዜ ይዘልበትና በልቡ አንድ ነገር ይመኛል።

እርስዎም በልጅነትዎ በእናትዎ ግቢ ሲዘሉ ዓይቻለሁ፤ ሱሪዎ አመድ ነክቶ ማልቀስዎንም አስታውሳለሁ። ነፍሱን ይማረውና ባለቤቴ ማቲ አንድ ዓመት እርጥብ እሾህ አምጥቶ እሳቱ ግማሹን ትቶ ጠፋ። ታጣቂዎች መጥተውብን ከተማውን ጥለን በእግራችን የወጣነው በተከታዩ በጋ ነበር። እሾህ ያን ሁሉ አደረገ የምል ሞኝ አይደለሁም፤ ግን ከዚያ ወዲህ እሾሁን ከበጋ ጀምሬ ጣሪያዬ ላይ ሳላደርቅ ቀርቼ አላውቅም።

የክልከላው ምክንያት ባለፈው ገና ከአንዱ ግቢ የተነሣ ፍንጣሪ አደባባዩ ላይ በተሰቀለው ባነር አርፎ የምስልዎን የቀኝ ጆሮ ጫፍ ማቃጠሉ እንደሆነ ሰምቻለሁ። ለጆሮዎ ከልብ አዝናለሁ። ከስደት ስንመለስ ከመንገዳችን አሥራ ስድስት ቤቶች ዘጠኙ ተቃጥለው አግኝተናቸው ነበር፤ ያቃጠሏቸውን ሰዎች የእሳት ፈቃድ የጠየቃቸው ባለሥልጣን ስለመኖሩ እስካሁን አልሰማሁም።

3. ሦስተኛው ምስጋናዬ ፈቃድ ለመጠየቅ ስለተዘጋጀው ፎርም ነው። በዚህ ዓመት ፈቃዱን አጥብቄ የፈለግሁበት ምክንያት አንድ ብቻ ነበር። የሰባት ዓመቷ የልጅ ልጄ ናርዲን ከአባቷና ከእናቷ ጋር ከገና ሁለት ቀን በኋላ፣ በዲሴምበር ሃያ ሰባት፣ ወደ አውስትራሊያ ልትሄድ ነበር። ከመንገዳችን የቀረች የመጨረሻዋ ልጅ እሷ ነበረች፤ ማንበብ ያስተማርኳት እኔ ነኝ፤ አንብባ፣ አመዱን ዘልላ እንድትሄድ ፈለግሁ። ሌላ ስንቅ የለኝም።

ፎርሙ የግራና የቀኝ ጎረቤት ፊርማ ይጠይቃል። የቀኝ ጎረቤቴ ስዊድን እንደሆነ ለጸሐፊዎ ባስረዳት፣ «ታዲያ ሲመጣ ያስፈርሙታ፣ እማማ!» አለችኝ። ከሄደ ስድስት ዓመቱ ነው። ለግራ ጎረቤቴ ለወርዳ ሲድኒ ድረስ ደወልኩላት፤ ፊርማው ለእሳቱ መሆኑንም ነገርኳት። ከዚያ፣ «ሽሙኒዬ፣ እፈርማለሁ፤ ግን ስትዘሉ ስልኩን ከአመዱ በላይ ያዢልኝ፣ እኔም ልዝለል» አለችኝ። የፊርማዋን ፎቶ በስልክ ላከች፤ ጸሐፊዎ ግን በቀለም የተፈረመ አይደለም ብላ መለሰችው። ይሁን እንጂ ማመልከቻዬን ስለተቀበለችኝ አመሰግናታለሁ፤ መልሱ በአሥር የሥራ ቀን ይደርሳል ተባልኩ። ለገና ዋዜማ የቀረው ስድስት ቀን ነበር።

ያለ ፈቃድ ለማንደድ አስቤ እንደነበር አልደብቅዎትም። ነገር ግን የልጄ ባል፣ «እባክዎ እናቴ፣ በዚህ ሳምንት ፖሊስ ደጃችን ከቆመ ጉዟችን ተበላሸ ማለት ነው» ብሎ ለመነኝ። ክብሪቱን ሰጠሁት።

4. ስለዚህም በዋዜማው ምሽት ወደ አዳራሽዎ መጣን፤ ለዚህ ያለኝን ምስጋና ለመግለጽ ቃላት ያጥሩኛል። ከጃፓኖቹ ደወል ቀጥሎ «የተል ሻምራ ነባር ልማድ» ተብሎ እኛም አንድ ጥግ ተሰጥቶናል። ቀይ ጨርቅ፣ ከሥሩ አምፖል፣ ከጀርባው ቬንቲሌተር፤ ጨርቁ ሲውለበለብ ከሩቅ እሳት ይመስላል። ናርዲን ሻማዋን ስታወጣ አቡ ሐና እየተሳቀቀ፣ «ሻማ ክልክል ነው፣ የኔ ልጅ፤ እኔን ይቆጡኛል» አላት። ሻማው ሳይለኮስ የልደቱን ታሪክ ማንበብ ጀመረች። እንግዶቹ ማደሪያ ካጡበት ቦታ ስትደርስ ጄኔሬተሩ ቆመ፤ ጨርቁ ተኛ፤ አቡ ሐናም አሥራ ሁለት ሰዓት ስለሆነ አዳራሹ እንደሚዘጋ በታላቅ ኀፍረት ነገረን። እርስዎ ታሪኩን ስለሚያውቁ ምንም አልጨምርበትም።

ልጅቷ የተኛውን ጨርቅ ስታይ ቆይታ፣ «አያቴ፣ ይኼ መቼ ነው አመድ የሚሆነው?» አለችኝ። አይሆንም አልኳት። «ታዲያ ባዶውን ብዘል ይቆጠራል?» አለች። መልሴን ሳትጠብቅም በአዳራሽዎ ወለል ላይ፣ በሲሚንቶው፣ ሦስት ጊዜ ዘለለች። ምን እንደተመኘች አልጠየቅኋትም። አልቅሻለሁ፤ ይህንንም ለመዝገብዎ ያህል እገልጻለሁ።

5. በከተማችን ከጉድጓድ የጸዳው ብቸኛ መንገድ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው የሚወስደው በመሆኑ፣ ልጆቼ ያለ ምንም መንገጫገጭ ሄደዋል። የጋገርኩላቸው ክሌቻ፣ ቴምር ያለበት የገና ብስኩታችን፣ አንድም ሳይሰበር ሲድኒ መድረሱን ጽፈውልኛል። ለዚህም አመሰግናለሁ።

ከእንግዲህ የምጠይቅዎ ነገር የለኝም፤ ተስፋ የሚባለውንም ነገር ለቢሮዎ ጊዜ በማሰብ ትቼዋለሁ። ትርኢቱን በየዓመቱ የሚቀጥሉበት ከሆነ፣ ቤቴን ከነጣሪያው እሾህ ለጥጋችን ማስፋፊያ እንዲወስዱት ቁልፉን አቡ ሐና ዘንድ አስቀምጣለሁ። ሁሉም ነገር እውነተኛ ነው፤ በሙጫ ማጣበቅም አያስፈልገውም፣ የሚነካው የለምና።

ጆሮዎ ሙሉ በሙሉ እስኪያገግም በጸሎት የምትተጋው፣
የሁለት የተቆለፉ ቤቶች ጎረቤት፣ የአንድ ክምር ደረቅ እሾህ ባለቤት፣
ሽሙኒ ገርጊስ
ተል ሻምራ፣ ጃንዋሪ 9

ድኅረ ጽሑፍ፦ ደብዳቤውን ፈርሜ ሳልጨርስ የማመልከቻዬ መልስ ማኅተም ተደርጎበት ደረሰኝ፤ የጎረቤቶቼን መራቅ ከግምት አስገብታችሁ ለሚቀጥለው ገና ዋዜማ ስለፈቀዳችሁልኝ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሳለሁ። ፈቃዱ «ልጆች ከእሳቱ ቢያንስ አምስት ሜትር መራቅ አለባቸው» ይላል። የመንገዳችን የመጨረሻ ልጅ አሁን ከአሥራ ሦስት ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ ስለምትገኝ፣ ግዴታው ከሚፈለገው በላይ መሟላቱን አሳውቃለሁ። አንድ ነገር ብቻ ግልጽ እንዲደረግልኝ እሻለሁ፦ የሚያነበው ታናሹ ነው፤ በመንገዳችን የቀረነው ሦስት ስንሆን ሁለቱ ሰማንያ አልፏቸዋል፣ እኔ ሰባ ሦስት ዓመቴ ነው። እንግዲህ የመንገዳችን ልጅ እኔ ነኝና፣ አምስቱ ሜትር እኔንም ይመለከት እንደሆነ በጽሑፍ ቢያሳውቁኝ።