ከቅሬያችን ብቸኛ ጤነኛ ለቅሬያችን ዳኛ

ይድረስ ለተከበሩ አቶ ሳሙኤል፣ የጉብታው ሰፈር ቅሬ (ዕድር) ዳኛ፣ እንዲሁም የቅሬው የጤና ክትትል ኮሚቴ መሥራች፣ ሰብሳቢና ብቸኛ አባል፤
መርሳ ከተማ

አሰላሙ ዐለይኩም፣ ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ከረሙ? ቤተሰብዎ፣ ከብትዎ፣ ከዘረፋ የተረፈው የጣሪያዎ ቆርቆሮ ሁሉ ደህና ነው? የራስዎን ጤና ግን ደፍሬ አልጠይቅም፤ ከአሥራ ሁለቱ ምልክቶች አሥራ ሁለቱም እንደተገኙብዎ ባለፈው ስብሰባ በኩራት ስለነገሩን፣ አላህ ያሽርዎ ከማለት በቀር ምን አቅም አለኝ። ይህን ደብዳቤ በወፍጮ ቤቴ በር ላይ መለጠፌንም እንደ ድፍረት አይቁጠሩብኝ፤ እህል ሊያስፈጭ የመጣ ሰው ወረፋው እስኪደርስ የሚያነበው ነገር ቢያገኝ ብዬ ነው።

ከሲሪንቃና ከሐራ እህል ይዞ የመጣ እንግዳ ነገሩ ግር እንዳይለው ከመነሻው ልጀምር። ጦርነቱ ወደ እኛ ሲገፋ እርስዎ እስከ ደብረ ብርሃን ተፈናቅለው ነበር። በታኅሣሥ ሲመለሱ ሁለት ነገር ይዘው መጡ፤ አንድ የዕርዳታ ብርድ ልብስና አንድ ወረቀት። ብርድ ልብሱን ለራስዎ አስቀርተው ወረቀቱን ለእኛ ስለለገሱን ከልብ እናመሰግናለን። በወረቀቱ ላይ «ስውር ብግነት» የሚባል፣ በደም ምርመራ የማይገኝ፣ በራጅ የማይታይ፣ ነገር ግን ከአሥራ ሁለት ጥያቄ ሦስቱን «አዎ» ባለ ሰው ሁሉ ላይ ሳይስት የሚገኝ በሽታ ተጽፏል። እርስዎም በካርቦን እያባዙ ለስልሳ ሦስታችን የቅሬው አባላት አደሉን። ውጤቱም ስልሳ ሁለት ሕሙማንና አንድ ጤነኛ ሆነ። ጤነኛው እኔ ነኝ። ቅሬታዎቼን ከእግርዎ ሥር ሆኜ እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ጥያቄዎቹ። «ድንገተኛ ድምፅ ያስደነግጥዎታል?» ይላል ወረቀቱ፣ ከነሐሴ እስከ ታኅሣሥ መድፍ ሲያጓራባት የከረመችን ከተማ። በር በተላተመ ቁጥር አልጋ ሥር የሚገባ ሰፈር ምን ብሎ ይመልስልዎ? «እንቅልፍ ያስቸግርዎታል?» ልጁ የት እንዳለ እስከ ዛሬ ያልሰማ አባት «አዎ» አለ። «ሆድዎ ይነፋል?» ወራቱን በሙሉ የማሽላ ንፍሮ ሲበላ የከረመ ሁሉ «አዎ» አለ። እኔም ያመለጥኩት በጀግንነት አይደለም። ሃያ ሁለት ዓመት ከወፍጮ ሞተር ጋር ስለኖርኩ ጆሮዬ ደንዝዟል፤ ከተማችን መያዟንም መለቀቋንም ያወቅሁት ባለቤቴ ቶይባ እጄን እየጎተተች ነግራኝ ነው። ጎኔን ካሳረፍኩ እተኛለሁ፤ የቀረበልኝን እበላለሁ፤ «ነገር ይረሳሉ?» ለሚለው ደግሞ ረስቼ እንደሆነ ስለማላስታውስ ባዶውን ተውኩት።

ሁለተኛ፣ ስለ ሕክምናው። ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ ስኳርና ዘይት እንዳንቀምስ ከልክለውናል። እነዚህን ሁሉ ከአምስት ወር በፊት ጀምሮ ማንም ስላልቀመሳቸው፣ ትእዛዝዎ ሳይደርሰን በፊት ፈጽመነው ተገኝተናል።

ሦስተኛው ቅሬታዬ ወገቤን የሚመለከት ነው። እንደሚያውቁት የቅሬያችን ደንብ የታመመ አባል ከጉልበት ሥራ ነፃ ነው ይላል። ጥሩ ደንብ ነው፤ ያወጡት ሰዎች ግን ስልሳ ሁለት ሰው በአንድ ቅዳሜ ይታመማል ብለው አላሰቡም። ባለፈው ወር ሁለት ሽማግሌዎች ዐርፈውብን፣ አፈሩ ይቅለላቸውና፣ ድንኳኑን የተከልኩት፣ ውኃውን የቀዳሁት፣ እንጨቱን የፈለጥኩት፣ መቃብሩንም የቆፈርኩት እኔ ነኝ። ሕሙማኑ ጥላ ሥር ተሰልፈው «ወደ ግራ ጠለቅ አድርገው» እያሉ ላደረጉልኝ እገዛ ምስጋናዬ ይድረሳቸው። ጎረቤቴ ቡርቱካን ዘጠኝ ስላገኘች ባልዲ አታነሳም። የራሴ ሚስት አሥራ አንድ ስላገኘች ምጣዱን አውርድልኝ ትለኛለች። ሰዉ መንገድ ላይ ሲገናኝ እንኳ «እንዴት አደርክ?» ማለቱን ትቶ «ስንት አገኘህ?» ሆኗል ሰላምታው። ዜሮ አገኘሁ ስል ፊቱን ያዞርብኛል።

አራተኛ፣ ስለ ጎረቤታችን ስለ እትዬ ንግሥት። ይህን እንኳ ሳልቀልድ ብጽፈው ደስ ባለኝ፤ ግን እርስዎ አላስቻሉኝም። እትዬ ንግሥት ቆላ ወርደው ማሽላ ሲያሳጭዱ ሰንብተው በተመለሱ በሳምንቱ ያንቀጠቅጣቸውና ያተኩሳቸው ጀመር። ኮሚቴዎ ወረቀቱን ይዞ መጣና አሥር ምልክት ቆጥሮ፣ «ብግነቱ ጠንቶባቸዋል፣ ጨው ይከልከሉ» ብሎ ሄደ። በአራተኛው ቀን ሰው መለየት ሲያቅታቸው እርስዎ ወደ ወፍጮ ቤቴ መጥተው፣ ለእኔ ከማዘንዎ የተነሳ፣ «ብቻህን ስለሆንክ ሥራው እንዳይደራረብብህ ቀደም ብለህ ጀምረው» አሉኝ። አሳቢነትዎን መቼም አልረሳውም።

የታዘዝኩትን አክባሪ ነኝና አካፋና ዶማዬን ይዤ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ መቃብር ሄድኩ። እስከ ጉልበቴ እንደቆፈርኩ ቄሱ መጥተው «ማን ዐረፈ?» አሉኝ።

«እትዬ ንግሥት።»

«መቼ?»

«ገና ናቸው። በኮሚቴ ተወስኖ ነው።»

ቄሱ አማተቡ። «ለመሆኑ ጤነኛ ነህ አንተ ሰው?» ሲሉኝ፣ «አዎ አባ፣ ከቅሬው ብቸኛው» ብዬ እውነቱን ነገርኳቸው።

ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን ማንም እንደ ጽድቅ አይቁጠርልኝ። ከጉልበት በታች ያለው መሬት ዐለት ነበር። ቁፋሮውን ልጨርስ ብል ውሎዬን ይፈጃል፤ እትዬ ንግሥትን በአህያ ጋሪዬ ጭኜ ጤና ጣቢያ ባደርስ ግን ግማሽ ሰዓት ነው። ሒሳቡን ሠርቼ ቀላሉን መረጥኩ። ከመደቡ ሳነሳቸው ግን ከሩብ ኩንታል እህል የማይበልጡ ሆነው አገኘኋቸውና ፈራሁ። በዚያ በክፉው ጊዜ ወፍጮዬ ቆሞ ልጆቼ ሲራቡ፣ ቀብረው ካቆዩዋት ጤፍ በቁና ሰፍረው በጓሮ የላኩልን እኚህ ሴት ናቸው። በሕይወት ላሉ ሴትዮ መቃብር ስቆፍር በማርፈዴ ዛሬም አፍራለሁ።

ጤና ጣቢያው አልጋው እንኳ ሳይቀር ተዘርፎ፣ ነርስ እየሩሳሌም ግቢው ውስጥ በተተከለ ድንኳን ነው የምትሠራው። አሥራ ሁለት ጥያቄ የላትም። ትኩሳቱ መቼ እንደጀመረና የት ከርመው እንደመጡ ብቻ ጠየቀች፤ ከጣታቸው አንዲት ጠብታ ደም ወሰደች፤ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ «ወባ ነው» አለች። መድኃኒቱን ሰጥታ ድንኳኗ ውስጥ አስተኝታ ጠበቀቻቸው። ይኸው እትዬ ንግሥት ዛሬ ቆመው ይሄዳሉ፤ ያውም ወደ እርስዎ ቤት ካልሄድኩ እያሉ በግድ ነው የያዝናቸው።

የተከበሩ ዳኛችን፣ እኔ የተማርኩ ሰው አይደለሁም። ግን የደነገጠ ሰው ደንግጧል፣ የተራበ ተርቧል፣ ልጁን ያጣም አዝኗል። ይህን ሁሉ በአንድ ስም ጠቅልለው ብግነት ሲሉት፣ ወባዋ መሐል ገብታ ተደብቃ ልትገድልብን ነበር። ሰፈሩ መታመሙን እኔም አልክድም። ግን ድሮ መቃብር ስንቆፍር እየተቃለድን፣ እየተላቀስን፣ ትንሽ ይቀለን ነበር። እርስዎ ከዚያም ነፃ አወጡን።

አሁን ወደ ልመናዬ ልምጣ። ነርስ እየሩሳሌም እትዬ ንግሥትን አክማ ስትጨርስ፣ «አንተስ?» ብላ ክንዴን በጨርቅ ጠቅልላ ነፋችው። ሁለት ጊዜ ደግማ ለካችና የደም ግፊት አለብህ፣ ያውም ከፍተኛ፣ አለችኝ። ምንም አይሰማኝም ብላት «እሱ ምልክት ሳያሳይ ነው የሚገድለው» አለች። ማኅተም ያለበትን ወረቀቷን ከዚህ በታች ለጥፌዋለሁ። ስለዚህ በቅሬያችን ውስጥ ማስረጃ ያለው ሕመምተኛ እኔ ብቻ ስለሆንኩ፣ በደንባችን መሠረት ከዛሬ ጀምሮ ከጉልበት ሥራ ነፃ እንዲያደርጉኝ እጠይቃለሁ። እርግጥ ነርሷ መቆፈር አቁም አላለችኝም፤ እኔም አልጠየቅኋትም።

በረከትዎ እንዳይለየን፣ ብግነትዎ እንዳይብስ፣ ወረቀትዎም እንዳይባዛ ሌትና ቀን ዱዓ የማደርግልዎ፣

አብዱልሐሊም የወፍጮ ቤቱ
የቀድሞ ጤነኛ
የካቲት ፳፻፲፬ ዓ.ም.

ምስክር፦ ንግሥት (የጣት አሻራ፣ በሕይወት ሆነው ያኖሩት)

የተረሳ ነገር፦ እስከ ጉልበት የቆፈርኳት ጉድጓድ እንደተከፈተች ናት። እትዬ ንግሥት አልፈልጋትም ብለዋል፤ ደግሞም እሳቸው አጭር ሴት ሲሆኑ ጉድጓዷ ሳላስበው ረዘም ብላ ልክ የእርስዎን ቁመት አክላለች። ከአሥራ ሁለት አሥራ ሁለት ያገኙ ስለሆኑ ቅድሚያው የእርስዎ ነው። ካልፈለጓት ግን አካፋው ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ቆሞልዎታል፤ ይምጡና ይድፈኗት።